ድንቅ ዓመት ያሳለፈ ተጫዋች ይለወጥ ወይስ ይቆይ? በቤዝቦል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቤዝቦል በልጅነታችን ሜዳ ላይ የተማርነው ጨዋታ አይደለም፤ ይሁን እንጂ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ለዓመታት የኖርን ኢትዮጵያውያን፣ በታክሲም ይሁን በሥራ ቦታ፣ ስለ ዋሽንግተን ናሽናልስ ሳንሰማ ያሳለፍነው የውድድር ዘመን የለም። ክለቡ ከ2018 እስከ 2022 ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንዱን ኮከብ ውሉ እስኪያልቅ ይዞ አጣው፣ ሁለተኛውን ሸኘው፣ ሦስተኛውን በውድ ዋጋ አስቀረው፣ አራተኛውን ደግሞ ገና በ23 ዓመቱ ለወጠው። በየወቅቱ የተነሣው ክርክር ጥቂት የተሳሳቱ ሐሳቦችን ሥር አስይዟል፤ እነሱን አንድ በአንድ ማየቱ ይጠቅማል።

አመለካከት፦ ልውውጥ ማለት በእግር ኳስ የምናውቀው ዝውውር ነው።

በእግር ኳስ ገዢው ክለብ ገንዘብ ይከፍላል፤ ተጫዋቹም በግል ጥቅሙ ካልተስማማ ዝውውሩ አይፈጸምም። በአሜሪካ ሜጀር ሊግ ግን ተጫዋች በአብዛኛው የሚለወጠው በተጫዋች ነው፤ ውሉ እንዳለ ወደ ተቀባዩ ክለብ ይተላለፋል እንጂ ፈቃዱ አይጠየቅም። ከዚህ የሚድነው በውሉ ውስጥ እንቢ የማለት መብት ያስጻፈ፣ ወይም በሊጉ 10 ዓመት ተጫውቶ የመጨረሻዎቹን 5 ዓመታት በዚያው ክለብ ያሳለፈ ነባር ብቻ ነው። ኮከቦችን በጥሬ ገንዘብ ለመሸጥ የሞከረም ነበር፤ በ1976 የኦክላንድ ባለቤት ቻርሊ ፊንሊ ሦስት ተጫዋቾቹን ለቦስተንና ለኒው ዮርክ ያንኪስ በድምሩ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ የሊጉ ኮሚሽነር ቦዊ ኩን ሽያጩን ሰረዘበት። እንግዲህ አንድ ክለብ ኮከቡን ለመለወጥ ሲያስብ የሚያመዛዝነው በምትኩ እነማንን እንደሚያገኝ ነው፤ የሚያገኛቸውም አብዛኛውን ጊዜ ገና በታችኛው ሊግ ያሉ፣ ነገ ምን እንደሚሆኑ በእርግጠኝነት የማይታወቅ ወጣቶች ናቸው።

አመለካከት፦ የዓመቱ ውጤት ባማረ ቁጥር በልውውጡ የሚገኘውም ይበዛል።

ከሁሉም የተስፋፋው ይህ ነው፤ ምክንያታዊ ስለሚመስልም ለማስተባበል ከባድ ነው። ሁለት ልውውጦችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግን ብዙ ያስረዳል። በ2017 የማያሚው ጃንካርሎ ስታንተን 59 ሆም ረን (ኳሱ ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያርፍበት ምት) መትቶ የናሽናል ሊግ (ከሜጀር ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ፤ ሌላው አሜሪካን ሊግ ነው) ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ከዚያ የተሻለ ዓመት መመኘት ይቸግራል። ሆኖም ገና 10 ዓመትና 295 ሚሊዮን ዶላር የሚቀረው ውል ነበረው፤ እንቢ የማለት መብትም ስለነበረው ሳን ፍራንሲስኮንና ሴንት ሉዊስን አልሄድም ብሎ መለሳቸው። በመጨረሻ ያንኪስ ከክፍያው አብዛኛውን ተሸክሞ ሲወስደው ማያሚ ያገኘው ስታርሊን ካስትሮንና ሁለት ጀማሪዎችን ብቻ ነበር።

በ2022 ደግሞ የዋሽንግተኑ ሁዋን ሶቶ የመምታት አማካዩ (ከመምታት ሙከራዎቹ የተሳኩት ድርሻ) ወደ .246 ወርዶ ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት .313 መትቶ፣ ኳስ ወርዋሪዎች ፈርተውት 145 ጊዜ በነፃ ወደ አንደኛ ቤዝ (ነጥብ ለማስቆጠር በተራ ከሚረገጡት ማዕዘኖች የመጀመሪያው) ተራምዶ በኮከብ ተጫዋች ምርጫ ሁለተኛ የወጣ ሰው ነው። (አንደኛ የወጣው ቀድሞ ዋሽንግተንን ትቶ የሄደው ብራይስ ሃርፐር መሆኑ ለደጋፊው ድርብ ሕመም ነበር።) ያም ሆኖ ሳን ዲዬጎ እሱንና ጆሽ ቤልን ለማግኘት ሲጄ ኤብራምስን፣ ማኬንዚ ጎርን፣ ጄምስ ዉድን፣ ሮበርት ሃሰልንና ሃርሊን ሱሳናን፣ ከእነሱም ጋር ሉክ ቮይትን ሰጠ።

ልዩነቱ ያለው ከፊት በሚቀሩት ዓመታትና በዋጋቸው ላይ ነው። በሊጉ ሕግ አንድ ተጫዋች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ገደማ ከዝቅተኛው ደመወዝ ብዙም ያልራቀ ይከፈለዋል፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ደመወዙ በግልግል እየታየ ያድጋል፤ ስድስት ሙሉ የአገልግሎት ዓመት ሲሞላው ብቻ ወደፈለገበት የመሄድ ነፃነት ያገኛል። ሶቶ በተለወጠ ጊዜ ለዚያ ነፃነት ሁለት ዓመት ተኩል ስለቀረው፣ ተቀባዩ ክለብ ገበያው ከሚጠይቀው ባነሰ ክፍያ ሦስት ጊዜ ለዋንጫ ሊሰለፍበት ይችል ነበር። ዋሽንግተን ያቀረበለትን የ15 ዓመት፣ የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል አልቀበልም ካለ በኋላ ደግሞ ክለቡ በእጁ የያዘው ሀብት በየወሩ የሚቀልጥ ነበር። ሕጉም ይህን ያባብሰዋል፤ ውሉ ያለቀበት ኮከብ በነፃ ሲሄድ የነበረበት ክለብ በወጣቶች ምርጫ ላይ ማካካሻ ተራ ሊያገኝ ይችላል (ምርጫው ድራፍት ይባላል፤ ከቢራው ጋር ዝምድና የለውም)፤ በውድድር ዘመኑ መካከል የተለወጠ ተጫዋች ግን ለተቀባዩ ክለብ ይህን ማካካሻ አያስገኝም። ስለዚህ በመጨረሻው ዓመት አጋማሽ ላይ የሚለወጥ ኮከብ፣ የቱንም ያህል ቢያምርለት፣ ዋጋው አንሶ ይገኛል።

አመለካከት፦ ያልተጠበቀ ድንቅ ዓመት ዕድል ስለሆነ ሳይወርድ ቶሎ መለወጥ ነው።

ለዚህ አባባል ምስክር ሆኖ ዘወትር የሚጠራው የባልቲሞሩ ብሬዲ አንደርሰን ነው፤ በ1996 50 ሆም ረን መታ፣ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ግን በአንድ ዓመት ከ24 አላለፈም። ምስክርነቱ እውነት ነው፤ ችግሩ ከአንድ ሰው ታሪክ ለሁሉም ሕግ ማውጣቱ ላይ ነው። ኦክላንድ በ2014 መጨረሻ ጆሽ ዶናልድሰንን ነፃ ሊወጣ አራት ዓመት እየቀረው ለቶሮንቶ አሳልፎ ሰጠው፤ ሰውየው በማግስቱ ዓመት 41 ሆም ረን መትቶ የአሜሪካን ሊግ ኮከብ ተጫዋች ሲሆን ኦክላንድ 94 ጨዋታ ተሸነፈ።

ሁለቱን ለመለየት ውጤቱ በምን መንገድ እንደተገኘ መመርመር ያስፈልጋል። ከሆም ረን ውጭ ወደ ሜዳ ከሚመቱ ኳሶች በሊጉ አማካይ ከአሥር ሦስት ያህሉ መቺውን ቤዝ ላይ ያደርሱታል፤ በአንድ ዓመት ከአሥር አራት የሚጠጋ ያገኘ መቺ ኳሶቹ ተከላካይ በሌለበት ስላረፉለት ሊሆን ይችላልና በቀጣዩ ዓመት መውረዱ አይቀርም። በአንጻሩ ኳሱን በሰዓት ከ95 ማይል በላይ ደጋግሞ የሚመታ፣ መጥፎ ኳስ የማያሳድድና ባዶ የሚስተው ጊዜ የቀነሰ ከሆነ፣ መሻሻሉ ከእጁና ከዓይኑ የመጣ ነው። ከ2015 ጀምሮ በየስታዲየሙ ያሉ መሣሪያዎች የእያንዳንዱን ምት ፍጥነት ስለሚመዘግቡ ይህን ለማወቅ እንደ ድሮው በግምት መሄድ አያስፈልግም። ዕድሜም መዘንጋት የለበትም፤ አንደርሰን በዚያ ዓመት 32 ሞልቶት ነበር፣ ዶናልድሰን ሲለወጥ ገና 28 ነበር።

አመለካከት፦ ሕዝብ የሚወደውን ተጫዋች በማንኛውም ዋጋ ማስቀረት የታማኝነት ግዴታ ነው።

ዋሽንግተን በ2019 የዓለም ዋንጫ የሚሉትን ወርልድ ሲሪስ ሲያሸንፍ የፍጻሜው ኮከብ ስቲቨን ስትራስበርግ ነበር፤ የሦስተኛ ቤዙ አንቶኒ ሬንዶን ደግሞ 34 ሆም ረን መትቶ በአስቆጣሪነት ሊጉን መርቷል። በዚያው ዲሴምበር፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ሁለቱም የሰባት ዓመት፣ የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረሙ፦ ስትራስበርግ ከዋሽንግተን፣ ሬንዶን ከኤንጀልስ ጋር። ስትራስበርግ ከዚያ በኋላ በጉዳት ምክንያት የተጫወተው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። ሬንዶንም በአንድም ዓመት ከ58 ጨዋታ በላይ አልተሰለፈም። የቤዝቦል ውል ተጫዋቹ ቢጎዳም ሙሉ በሙሉ ስለሚከፈል የሁለቱም ክለቦች ኪስ ለዓመታት ታሰረ። በእኔ ግምት ስትራስበርግ ያገኘው ገንዘብ ገሚሱ ለ2019 የቀረበ ምስጋና ነበር፤ ምስጋናው ይገባዋል፣ የ31 ዓመት ክንድ ግን በምስጋና አይታደስም።

አመለካከት፦ ተጫዋቹ በነፃ ከሄደ ክለቡ መለወጥ ሲገባው ከስሯል።

ዋሽንግተን በ2018 ሃርፐርን በልውውጡ ማብቂያ ቀን ሳይለውጥ ቀረ፣ 82 አሸንፎ 80 ተሸንፎ ጨረሰ፣ ሃርፐርም በ13 ዓመት፣ በ330 ሚሊዮን ዶላር ውል ወደ ፊላደልፊያ ሄደ። የከሰረ ይመስላል። ነገር ግን ክለቡ በዚያው ክረምት ፓትሪክ ኮርቢንን በስድስት ዓመት፣ በ140 ሚሊዮን ዶላር አመጣ፤ በ2019 የፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ አሸናፊ ሆኖ የተመዘገበው ኳስ ወርዋሪም ኮርቢን ነው። የሬንዶን ነገር ይበልጥ ያስተምራል፤ ውሉ በዚያ ዓመት የሚያበቃ ሲሆን፣ በሜይ ወር ክለቡ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ በነበረ ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ቢለውጠው ኖሮ፣ በዚያ ሰባተኛ ጨዋታ ዋሽንግተን ምንም ሳያስቆጥር ወደኋላ ቀርቶ ሳለ የመጀመሪያዋን ሆም ረን የሚመታለት ሌላ ሰው መፈለግ ነበረበት። ለዋንጫ የሚፎካከር ክለብ ተጫዋቹን እስከ መጨረሻዋ ቀን መያዙ ዋጋ አለው፤ ያንኑ ውሳኔ ከሊጉ ግርጌ ያለ ክለብ ቢያደርገው ግን ስህተት ይሆናል።

አመለካከት፦ በልውውጡ ማን እንዳሸነፈ ወዲያው ይታወቃል።

ሳን ዲዬጎ ሶቶን ይዞ በ2022 ለናሽናል ሊግ ፍጻሜ ደረሰ፤ በማግስቱ ዓመት እሱ 35 ሆም ረን ቢመታም ክለቡ ከዋንጫው ምዕራፍ ውጭ ሆነ፤ ከዚያ ድንቅ ዓመት በኋላም አንድ ዓመት ሲቀረው ለያንኪስ ለወጠው። ያንኪስ በ2024 ለወርልድ ሲሪስ ፍጻሜ ደርሶ ተሸነፈ፣ ሶቶም በ765 ሚሊዮን ዶላር ወደ ሜትስ ሄደ። በምትኩ ሳን ዲዬጎ የሄደው ኳስ ወርዋሪ ማይክል ኪንግ ደግሞ በዚያው ዓመት 13 ጨዋታ አሸንፎ ክለቡን ወደ ዋንጫው ምዕራፍ ለመመለስ ረዳ። በዋሽንግተን በኩል ኤብራምስ በ2024፣ ጎርና ዉድ በ2025 ለኮከቦች ጨዋታ ተመርጠዋል። ነገር ግን ሁለቱ በተመረጡበት በዚያው ዓመት ክለቡ 96 ጨዋታ ተሸነፈ፤ ልውውጡን ያካሄደው ዋና ሥራ አስኪያጅ ማይክ ሪዞም የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ፣ ጁላይ ላይ፣ ከሥራው ተሰናበተ።