ስለ እንግሊዝ የቀበሮ አደን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በእንግሊዝ ገጠር የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ስሠራ፣ በፈረሰኞችና በአነፍናፊ ውሾች ሲካሄድ ስለኖረው የቀበሮ አደን ያለ ማስረጃ የሚነገሩ አባባሎችን መስማት ሰልችቶኛል። ከታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ከጥንት የወረደ ባህል ነው» ይባላል። የጥንት መኳንንት በዋናነት ያሳድዱ የነበረው አጋዘንን ሲሆን፣ ቀበሮን በፈረስ ግልቢያ ማሳደድ የዛሬ መልኩን የያዘው በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በሌስተርሻየሩ የአደን መሪ በሁጎ ሜኔል ዘመን ነው።

«የሀብታሞች ጨዋታ ብቻ ነው» የሚለውም ልክ አይደለም፤ በሰሜን እንግሊዝ በካምብሪያ ተራሮች በግ አርቢዎች ውሾቻቸውን በእግራቸው ሲከተሉ ኖረዋል።

«በመላው ብሪታንያ ተከልክሏል» ለሚሉ፦ አደኑን የከለከለው የ2004ቱ ሕግ የሚሠራው በእንግሊዝና በዌልስ ነው፤ ስኮትላንድ በ2002 ያወጣችውን የራሷን ሕግ በ2023 አጥብቃለች።

«ቀበሮው ወዲያው ስለሚሞት አይሠቃይም» ይባላል። በሎርድ በርንስ የተመራው የመንግሥት አጣሪ ኮሚቴ በ2000 ባወጣው ሪፖርት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሞቱ በሴኮንዶች ውስጥ እንደሚመጣ ቢቀበልም፣ መሳደዱና መገደሉ የእንስሳውን ደኅንነት ክፉኛ እንደሚጎዳ ደምድሟል።

ከሁሉ በላይ ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ ግን «አደኑ ባይኖር ቀበሮ አገሩን ይወርር ነበር» የሚለው ነው። በዚያው ሪፖርት ግምት የተመዘገቡት የአደን ማኅበራት በዓመት ይገድሉ የነበረው ከ21,000 እስከ 25,000 ቀበሮ ሲሆን፣ በየዓመቱ ይወለዱ የነበሩት ቡችሎች ግን ከ400,000 በላይ ነበሩ። በ2001 በተላላፊው የከብቶች የአፍና የእግር በሽታ ምክንያት አደኑ አሥር ወር ያህል በቆመ ጊዜ፣ ተመራማሪዎች በ160 ቦታዎች የቀበሮ ኩስ ከእገዳው በፊትና በኋላ ቆጥረው ቢያነጻጽሩም የቀበሮው ቁጥር ጨምሮ አላገኙትም። ማኅበራቱ ራሳቸው ለቀበሮ መደበቂያ የሚሆን ቁጥቋጦ ይተክሉ፣ ሰው ሠራሽ ጉድጓድም ያዘጋጁ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንማ ከአህጉረ አውሮፓ የመጡ ቀበሮዎች ለአደን ተብለው በለንደኑ ሌደንሆል ገበያ ይሸጡ ነበር። ሊያጠፋው የሚፈልገውን ተባይ በገንዘቡ የሚገዛ ሰው የለም። ስለዚህ አደኑን የሚወዱ ሰዎች ስፖርት መሆኑን አምነው በስፖርትነቱ ይሟገቱለት፤ እኔ ለመዝናኛ ሲባል እንስሳን እስኪደክም ማሳደድን እቃወማለሁ።

አንድ አርቢ ቀበሮ ፈጃቸው ያላቸውን ግልገሎች እንድመረምር ጠርቶኝ ነበር። ከሳንባቸው ቆርጬ ውኃ ውስጥ ስጨምረው ሰጠመ፤ አንድም ጊዜ አየር አልሳቡም ማለት ነው። በንክሻው ዙሪያም ደም አልቋጠረም። ቀበሮው ያገኘው ሞተው የተወለዱትን ነበር። ቀበሮ ሕያው ግልገል አይነካም ማለቴ አይደለም፤ ሆኖም ግልገል የሚያልቅበት አርቢ አስቀድሞ በድኑን ያስመርምር፣ እርጉዝ በጎቹን በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በደንብ ይመግብ፣ በመጠለያ ውስጥ ያዋልድ፣ እንግዴ ልጁንና የሞቱትን ቶሎ ያንሣ፣ ግልገሉም በተወለደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንገር መጥባቱን በዓይኑ ያረጋግጥ።