የፌብሩዋሪ 8 ጸሎት ምንድን ነው?

በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 8 ቀን በብዙ አገር ያሉ ክርስቲያኖች ስለ አንድ ጉዳይ ይጸልያሉ። የቀኑ ሙሉ ስም ረዘም ይላል፦ በሰው መነገድን የሚቃወም ዓለም አቀፍ የጸሎትና የግንዛቤ ቀን። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ነው፣ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ ጊዜ። "ጸሎት" ብቻ አላሉትም። "ግንዛቤ" ብቻም አላሉትም። ለምን እንደሆነ ኋላ እንመጣበታለን።

መጀመሪያ ስለ ወንጀሉ ስም አንድ ነገር ልበል። "ሕገ ወጥ የሰዎች ዝውውር" ማለት ለምደናል። እኔን ግን ቃሉ አይመቸኝም። "ዝውውር" ሲባል ትዝ የሚለን ድንበር፣ በረሃና ጀልባ ነው። በሰው ለመነገድ ግን ድንበር መሻገር ግድ አይደለም። ከተወለደችበት ሰፈር ሳትወጣ የተሸጠች ልጅም ተነግዶባታል።

በ2000 የጸደቀው የፓሌርሞ ፕሮቶኮል የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አንድ ድርጊት በሰው መነገድ እንዲባል ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው ድርጊቱ ነው፤ ሰውን መመልመል፣ ማጓጓዝ፣ መቀበል። ሁለተኛው መንገዱ ነው፤ ማስገደድ፣ ማታለል፣ የሰውን ችግር መጠቀሚያ ማድረግ። ሦስተኛው ዓላማው ነው፤ መበዝበዝ። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ሁለተኛው አያስፈልግም። ልጁ "እሺ ብዬ ነው" ቢልም ወንጀሉ ወንጀል ነው። ገንዘብ ተቀብሎ ሰውን በድብቅ ድንበር የሚያሻግር ደላላ ደግሞ ሌላ ወንጀል ነው የሠራው፤ ምንም እንኳ አንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ቢለወጥም።

ስንት ሰው ነው? የዓለም ሥራ ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር ባወጣው ግምት በ2021 በግዳጅ ሥራ ውስጥ የነበሩት 27.6 ሚሊዮን ሰዎች ናቸው።

ወደ ቀኑ እንመለስ። ፌብሩዋሪ 8 የቅድስት ጆሴፊን ባኪታ ቀን ነው። በ1869 ገደማ ዳርፉር ውስጥ ተወለደች። በልጅነቷ ጠልፈው ወሰዷት። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ተሸጠች። ከድንጋጤዋ ብዛት የትውልድ ስሟን ረሳችው። "ባኪታ" ያሏት ጠላፊዎቿ ናቸው። ትርጉሙ "እድለኛ" ማለት ነው። አንደኛዋ እመቤቷ ገላዋን በምላጭ አስበጥታ ቁስሉን ጨው አስነሰነሰችበት። ጠባሳው እስከ መጨረሻው አብሯት ኖረ።

ካርቱም ላይ የገዛት የጣሊያን ቆንስል ወደ ጣሊያን ይዟት ሄደ። እዚያ ለሌላ ቤተሰብ ሞግዚት ሆነች። እመቤቷ ወደ ሱዳን ስትሄድ ባኪታንና ሕፃኗን ቬኒስ ውስጥ ካኖሳውያን እህቶች ከሚባሉ መነኮሳት ዘንድ አስቀመጠቻቸው። ተመልሳ ልትወስዳት ስትመጣ ባኪታ "አልሄድም" አለች። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። መነኮሳቱ አብረዋት ቆሙ፣ ቤተ ክርስቲያንም ደገፈቻት። በኖቬምበር 1889 ፍርድ ቤቱ ነጻ ሰው መሆኗን ወሰነ። በኋላ ራሷም መነኮሰች፤ በ1947 አረፈች፤ በ2000 ቅድስት ተባለች።

እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ያ ፍርድ ቤት ነው። መነኮሳቱ ጸልየው "እግዚአብሔር ይከተልሽ" ብለው መሸኘት ይችሉ ነበር። ያዕቆብ በመልእክቱ "በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም" ብሎ ባዶ እጁን የሚሸኘውን ሰው የሚወቅሰው ለዚህ ነው።

ዛሬም ሥራው እንደዚያው ነው። ጣሊታ ቁም የሚባለው የመነኮሳት መረብ በ2009 ተመሠረተ። ስሙ ከማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የተወሰደ ነው፤ "አንቺ ብላቴና ተነሽ" ማለት ነው። ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናትም እንደ ድነት ሠራዊት (ሳልቬሽን አርሚ) ያሉ በዚሁ ላይ የተሰማሩ አሉ። ከእነሱ ጋር የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ብዙዎቻችን እንደምናስበው በር ሰብረው የሚገቡ አይደሉም። ስልክ ያነሳሉ። ያስተረጉማሉ። ተበዳይዋን ሐኪም ቤት ያደርሳሉ። ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ አብረው ሦስት ሰዓት ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ቀጠሮው ይተላለፋል።

በር የሚሰብር ጀግና እንዲያውም ጉዳት ያመጣል። የሠለጠነ ሰው ፓስፖርቷ በሌላ ሰው እጅ ያለ፣ ሲጠይቋት ሌላ ሰው የሚመልስላት፣ የማያልቅ ዕዳ ያለባት ሴት ሲያይ ሰውዬውን አይጋፈጥም። ቢጋፈጥ ምሽት ላይ የምትመታው እሷ ናት። ያየውን ይይዛል፣ ለሚመለከተው ይደውላል።

ታዲያ ጸሎቱ የት ነው ያለው? አንደኛ፣ መጠበቅን ያስተምራል፤ ጉዳዩ ዓመታት ይፈጃልና። ደግሞም ጸሎቱ ለተበዳዮች ብቻ አይደለም። ለነጋዴው ይጸለያል፣ ለዳኛው ይጸለያል፣ ርካሽ ጉልበት ለሚፈልገው ለገዢውም። ገዢው አንዳንዴ ጸላዩ ራሱ ነው። ያኔ ምልጃው ወደ ንስሐ ይዞራል።

"ግንዛቤ" የሚለው ቃል የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የማያውቁትን መጸለይ ቀላል ነው፤ አውቆ መጸለይ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንድ የታወቀ ወጥመድ አለ፤ የጸሎት ርዕስ የለበሰ ሐሜት። "እስቲ ጸልዩላት" ይባልና ስሟ፣ አገሯ፣ ያለችበት መጠለያ፣ የደረሰባት ሁሉ ይዘረገፋል። ከዚያ አንዱ ለሚስቱ፣ እሷም ለጎረቤት። የሚፈልጋት ሰው አድራሻዋን የሚያገኘው እንዲህ ነው። ጥሩ የጸሎት ቡድን ውስጥ "ስሟን አንተ ታውቀዋለህ" ብለው ይጸልያሉ። በቃ። ይህን የመሰለ ሙሉ ጸሎት የለም።

ሌላው ወጥመድ መጠለያው ውስጥ ነው። እዚያ የምትገባ ሴት ለዓመታት መቼ እንደምትተኛ፣ መቼ እንደምትበላ ሌላ ሰው ሲወስንላት የኖረች ናት። "ጸሎት ካልገባሽ" የሚል ቅድመ ሁኔታ ለእሷ አዲስ ጌታ ነው። ይህን የተረዱ ቤቶች አሉ። ጠዋት ጸሎት ይደረጋል፤ የፈለገ ይመጣል። ያልተነሳችው ትተኛለች። ቁርሷ ተከድኖ ይጠብቃታል።