ጣርማ በርን ለምንወርድ፦ ስለ ሞተር ሳይክል ፍሬን ዘይት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ሞተር የነዳ ሰው የጣርማ በርን ቁልቁለት ያውቀዋል። ከዋሻው ወጥቶ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ቆላው እስኪደረስ እጅ ከፍሬን ላይ አይነሳም። አንድ ቀን ከኋላ ሰው ጭኜ ስወርድ የፊት ፍሬኔ ድንገት ላላ፤ ስጨብጠው እጀታው ከመሪው ጋር ገጠመ። በማርሽና በኋላ ፍሬን ተረፍን። ቆመን ትንሽ ከቀዘቀዘ በኋላ ፍሬኑ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ መያዝ ጀመረ። ዘይቱን ባየው ሙሉ ነው።

«ዘይቱ ካልጎደለ ችግር የለውም»

እኔንም ያሳተኝ ይሄ ነው። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 የሚባሉት (ዶት፣ DOT፣ የፍሬን ዘይት ደረጃ መጠሪያ ነው) ዘይቶች እርጥበት ይስባሉ። ክዳኑ ቢዘጋም እርጥበት በጎማው ቱቦ በኩል ቀስ እያለ ይገባል። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን መስፈርቱ ወደ 155 ይወርዳል። ዶት 3 ደግሞ ከ205 ወደ 140።

ቁልቁለት ላይ ዲስኩ ሲግል ሙቀቱ በሸራው (ዲስኩን ጨብጦ በሚይዘው ክፍል) አልፎ ዘይቱ ጋ ይደርሳል። ዘይቱ ከፈላ ውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል። ዘይት ሲጫኑት አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል፤ ስለዚህ እጀታው ይሰምጣል፣ ሞተሩ ግን አይቆምም። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ መካኒክ ጋ ስትደርስ «ፍሬንህ እኮ ደህና ነው» የምትባለው ለዚህ ነው። ባይጎድልም በየ2 ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። ከጎደለ ደግሞ ዝም ብሎ መሙላት ሳይሆን ሸራው አልቆ ወይም የሚያፈስ ቦታ ኖሮ እንደሆነ ማየት ነው።

«ቁጥሩ ከፍ ያለው ይሻላል»

እዚህ ላይ እባካችሁ ነጥቧን አስተውሉ። ዶት 5.1 ከዶት 3 እና 4 ጋር አንድ ዘር ነው። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። ሞተራችሁ የሚፈልገው በፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ተጽፏል። ዶት 4 ካለ ዶት 4 ግዙ፤ ከጠፋ ዶት 5.1 ይሆናል። ዶት 3 ቶሎ ስለሚፈላ ለዚህ መንገድ አልመክርም።

«ከባለፈው የተረፈ አለኝ»

ከተከፈተ ወራት ያለፈው ጠርሙስ ቤት ተቀምጦም እርጥበት ስቧል። ትንሹን ጠርሙስ ግዙ፣ ማሸጊያውም ፊታችሁ ይከፈት።

«ዘይት ዘይት ነው፣ የሞተር ዘይትም ይሠራል»

በፍጹም። የሞተር ዘይት (የኢንጂን ዘይት) ፍሬኑ ውስጥ ያሉትን የጎማ ማሸጊያዎች ያሳብጣል፤ ፍሬኑ ወይ ይነክሳል (ይዞ አይለቅም) ወይ ያፈሳል። በስህተት ከገባ ሞተሩ አይነዳ፤ የጎማ ማሸጊያዎቹም መቀየር አለባቸው።

«ከፈሰሰ በጨርቅ መጥረግ ይበቃል»

አይበቃም፤ የፍሬን ዘይት የሞተሩን ቀለም ይልጣል። ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡት።

የኔን ስናስቀይር ከታች የወጣው የጠቆረ ሻይ ይመስል ነበር። ቀለሙ ብቻ ግን አይፈርድም፤ የጠራ ዘይትም ውሃ ሊይዝ ይችላል። መካኒኩ አዲሱን እየጨመረ አሮጌውን ከታች ሲያስወጣ፣ የአየር አረፋው እስኪያልቅ አጠገቡ ቆሜ አየሁ። እናንተም ቁሙና እዩ።