ኩላሊት ቆሻሻውን እንዴት ነው ሚለየው?

ሰውነት ቆሻሻ ያስወግዳል ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ ሚለው ሰገራ ነው፤ ግን ሰገራ አብዛኛው ውሀ፣ ባክቴሪያና ያልተፈጨ የምግብ ትራፊ ነው፣ በአንጀት አልፎ ሄደ እንጂ ሴሎቻችን ውስጥ ገብቶ አልተቃጠለም (ቡናማ ቀለሙ ግን ጉበት ካረጁ ቀይ የደም ሴሎች ለይቶ በሐሞት የጣለው ነው፣ ስለዚ እሱም ትንሽ ድርሻ አለው)። ሴሎች ሲሰሩ ሚፈጠረውን ቆሻሻ በተመለከተ ካርቦንዳይኦክሳይዱን ሳንባ ያስወጣዋል፣ ቆዳም በላብ ጥቂት ጨውና ዩሪያ ይጥላል፣ ከባዱ ስራ ያለው ኩላሊት ጋ ነው።

እኛ አገር ወገቡን የቆረጠመው ሁሉ "ኩላሊቴን" ይላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጡንቻ ነው። ኩላሊቶቹ ከጀርባ በኩል ከታችኞቹ የጎድን አጥንቶች ስር ግራና ቀኝ ነው ያሉት፣ የቀኙ ጉበት ስለተጫነው ትንሽ ዝቅ ይላል። እያንዳንዱ ጭብጥ አክሎ 150 ግራም ቢመዝን ነው፣ ግን ልብ ከምትረጨው ደም አንድ አምስተኛ ሚሆነው ወደነሱ ነው ሚሄደው፣ በደቂቃ ከ1 ሊትር በላይ ማለት ነው።

ስጋም በላህ ሽሮ፣ ፕሮቲኑ ሲፈርስ አሞንያ ይወጣዋል፣ አሞንያ ደሞ መርዝ ስለሆነ ጉበት ወደ ዩሪያ ቀይሮ ደም ላይ ይለቀዋል። አሁን ኩላሊት ዩሪያውን ብቻ እየለቀመ ሚያወጣ ሊመስልህ ይችላል፣ አይደለም! በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ 1 ሚሊዮን ገደማ ኔፍሮን ሚባሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ፣ እነሱ ሚያደርጉት ሳጥን ሙሉ ልብስ መሬት ላይ ገልብጦ ሚፈለገውን ብቻ መልሶ እንደማጠፍ ነው፣ የደም ሴሎችና ትላልቅ ፕሮቲኖች ሲቀሩ ውሀው፣ ስኳሩ፣ ጨው ምናምኑ ዩሪያው ሁሉ ተጠልሎ ይወርዳል፣ በቀን 180 ሊትር። ከዛ ስኳሩ ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ፣ ውሀውም 99 በመቶው ወደ ደም ይመለስና ሽንት ሆኖ ሚወጣው 1 ወይ 2 ሊትር ብቻ ነው። የስኳር በሽተኛ ሽንት ላይ ስኳር ሚገኘውም ደሙ ውስጥ ያለው ከመጠን አልፎ ኔፍሮኖቹ መልሰው መውሰድ ስለሚያቅታቸው ነው።

ስንት ውሀ ይመለስ ሚለውን ሚወስነው ጭንቅላት ውስጥ ሚመነጭ ሆርሞን ነው፣ ውሀ ስታጣ ይጨምራል ሽንትህም ይወፍራል። ቢራ ግን ይሄን ሆርሞን ይጫነዋል፣ ለዛ ነው ግሮሰሪ ውስጥ ሽንት ቤት ሰልፍ ማይጠፋው ;) ከኩላሊት የወረደው ሽንት ፊኛ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ግማሽ ሊትር አካባቢ ሲደርስ መታገስ ይከብዳል። የሴቶች የመጨረሻው ቱቦ 4 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ባክቴሪያ ቶሎ ይደርሳል፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እነሱ ላይ ሚበዛው በዚ ነው።

ኩላሊት ሲደክም ግን ለረጅም ጊዜ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል፣ ደም ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው ክሬቲኒን (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ሚጠራቀም ቆሻሻ) ሚለካውም ለዚ ነው። ጨርሶ ሲያቆም ወይ ንቅለ ተከላ (አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም ጀምሮታል) ወይ እጥበት ነው። የእጥበት ማሽንን ሆላንዳዊው ዶክተር ዊለም ኮልፍ በ1943 እ.ኤ.አ አገሩ በጀርመን ተይዛ እያለች ነው የሰራው፣ ማጣሪያው የቋሊማ መጠቅለያ ሴሎፎን ነበር! ዛሬ ታካሚው ብዙውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን 4 ሰአት እየተኛ ይታጠባል፣ ማሽኑ ግን ማጣራት እንጂ ኩላሊት ሚያመነጨውን ቀይ ደም እንዲመረት ሚያዘውን ሆርሞን መስራት አይችልም፣ ስለዚ ብዙዎቹ ለደም ማነስ መርፌም ይወጋሉ።