ራሷን የምትችል ዶሮ፦ በማዳቀልና በመምረጥ

ተለቃ የምታድግ ዶሮ ሥራዋ ብዙ ነው። ምግቧን ጭራ ታገኛለች። ጭልፊት ሲያንዣብብ ቀድማ ቁጥቋጦ ውስጥ ትገባለች። ዝናቡንም ፀሐዩንም ትችላለች፣ ሲመሽ ቆጥ ላይ ትወጣለች። በዚህ ሁሉ መሃል እንቁላልም መጣል አለባት። ለእንቁላል ብቻ የወጡት ዘመናዊ ዝርያዎች በዓመት ከ300 በላይ ይጥላሉ፤ ያ ቁጥር ግን መኖው፣ መብራቱና ክትባቱ ሲሟላ የሚመጣ ነው። ሜዳ ላይ ሲለቀቁ ብዙዎቹ ይጎሳቆላሉ። ጠንካራ ዶሮ ማውጣት የሚፈልግ አርቢ ሁለት ነገር ያጣምራል፦ ማዳቀልና መምረጥ። ማዳቀሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ልፋቱ ከዚያ በኋላ ነው።

ሁሉም ጠባይ እኩል አይወረስም። የሰውነት ክብደት ከወላጅ ወደ ልጅ በደንብ ይተላለፋል፤ ትልቅ አውራ ትልልቅ ጫጩት ይሰጣል። በሕይወት መቆየትና የእንቁላል ብዛት ግን ሲወረሱ ደካማ ናቸው። በመረጣ ብቻ እነዚህን ማሻሻል ብዙ ትውልድ ይፈጃል። ማዳቀል የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የማይዛመዱ ሁለት ዝርያዎች ሲገናኙ የመጀመሪያው ትውልድ ብዙ ጊዜ ከወላጆቹ አማካይ ይበልጣል፤ ቶሎ ያድጋል፣ ሞቱም ይቀንሳል። ይህ የድቅል ብርታት ይባላል።

ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚሁ ጋ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ሲያምርበት አርቢው ወንድምና እህቶቹን እርስ በርስ ያራባል። በሁለተኛው ትውልድ ያ ብርታት በግማሽ ይወርዳል፤ ጫጩቶቹም አንዱ እናቱን፣ አንዱ አያቱን ይመስልና መንጋው ይዘበራረቃል። ስለዚህ መንገዱ ሁለት ነው። ወይ ወላጅ ዝርያዎቹን ንጹሕ አድርጎ ይዞ በየጊዜው አዲስ ማዳቀል፤ ወይ ድቅሉን ይዞ ለዓመታት እየመረጡ ማርጋት። የመጀመሪያው መንገድ ጥሩ ምሳሌ የባንግላዴሿ ድቅል ዶሮ ሶናሊ ናት፦ አባቷ ሮድ አይላንድ ሬድ፣ እናቷ የግብፅ ፋዩሚ። ፋዩሚ ትንሽና ንቁ ናት፣ ቶሎ እንቁላል ትጀምራለች፣ ብዙ በሽታም ትቋቋማለች። ሮድ አይላንድ ሬዱ ሥጋውንና እንቁላሉን ይጨምራል።

የሁለተኛው መንገድ ምሳሌ ሻንተክሌር የተባለው የዶሮ ዝርያ ነው። በካናዳ ኩቤክ፣ በኦካ ገዳም ይኖር የነበረው መነኩሴ ዊልፍሪድ ሻትላን በ1908 እ.ኤ.አ. ጀመረው። ችግሩ ግልጽ ነበር። የዘመኑ ዶሮዎች በራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ በክረምቱ ብርድ ይሞትባቸው ነበር። መነኩሴው የኮርኒሽ አውራ ከነጭ ሌግሆርን ሴት፣ የሮድ አይላንድ ሬድ አውራ ደግሞ ከነጭ ዋያንዶት ሴት ጋር አዳቀለ። ከዚያ የሁለቱን ልጆች አገናኘ፤ ቀጥሎ ፕሊማውዝ ሮክ ጨመረ። በየደረጃው ቀይ ሥጋው እያነሰ የሄደውን ብቻ አስቀረ። ለሕዝብ ያሳየው በ1918 ነው። አራት አምስት ዝርያ ቢቀላቅልም የሚፈልገው ነገር አንድና የታወቀ ነበር። ብዙዎች የሚሳሳቱት አሥር ነገር በአንድ ጊዜ ሲመኙ ይመስለኛል።

አንዳንዱ ጠባይ ደግሞ በአንድ ጂን ብቻ ስለሚተላለፍ ሥራው ቀላል ነው። በሙቀት ቦታ የታወቀው አንገተ ራቁት ነው። ጂኑን ከአንድ ወላጅ ያገኘች ዶሮ ላባዋ በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ከሁለቱም ያገኘች በ40 በመቶ። በዓይንም ይለያሉ፦ ከአንድ ወላጅ ብቻ የወሰደችው አንገቷ ፊት ለፊት ትንሽ የላባ ጉንጉን ትተርፍላታለች። ላባ ሲቀንስ ሙቀቱ ከሰውነቷ በቀላሉ ይወጣል። ቀለምም ዋጋ አለው። ነጭ ዶሮ በሜዳ ላይ ከሩቅ ትታያለች፤ ቆቅ የምትመስለዋን ቡናማ ግን ጭልፊት በቀላሉ አያገኛትም።

ክርክር ያለበት ጉዳይ ማቀፍ ነው። ታቅፋ የተቀመጠች ዶሮ እንቁላል መጣል ታቆማለች፤ 21 ቀን ትቀመጣለች፣ ከዚያም ጫጩት ታሳድጋለች። ስለዚህ የእንቁላል ዝርያ ያወጡ ሰዎች ይህን ጠባይ ከሞላ ጎደል አጥፍተውታል፤ ሌግሆርንን ማየት ይበቃል። ለተለቀቀ መንጋ ግን ጥሩ እናት ሀብት ናት። ጫጩቶቿን መጫርና መደበቅ የምታስተምረው እሷ ናት። እንቁላል ለመጨመር ብሎ ማቀፍን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ዓይነት ነው። ከመንጋው ጥቂቶቹ ቢያቅፉ ይበቃል።

መረጣው በእጅ የሚሠራ ነው። ዶሮዋ ትያዛለች፣ የደረት አጥንቷ ይዳሰሳል፤ እንደ ቢላ የሾለ ከሆነ ሜዳው እየመገባት አይደለም። ከዚያ ከኋላ ያሉት ሁለት ሹል የዳሌ አጥንቶች መሃል ጣት ይገባል። እየጣለች ያለች ዶሮ ሁለት ሦስት ጣት ታስገባለች፤ ያቆመች አንድም ያስቸግራታል። አውራን በተመለከተ ቢያንስ አንድ ዓመት ሜዳ ላይ ኖሮ የተረፈውን መጠበቅ ይሻላል። አንድ አውራ ለስምንት እስከ አሥር ሴት ይበቃል፤ ስለዚህ የአውራው ስህተት በመላው መንጋ ይታያል።

ዝምድናን ለመከላከል የተለመደው ዘዴ መንጋውን ሦስት ጎሳ ማድረግ ነው። ሴት ልጆች እናታቸው ጎሳ ውስጥ ይቀራሉ። ወንዶቹ በየዓመቱ ወደሚቀጥለው ጎሳ ይዛወራሉ፤ የመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ ሦስተኛው ወደ መጀመሪያው። እግር ላይ ባለቀለም ቀለበት ከታሰረ ማን የማን እንደሆነ አይጠፋም። አንድ ጥንቃቄ አለ። ሴት ዶሮ የአውራውን ዘር ሰውነቷ ውስጥ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ማቆየት ትችላለች። አውራ ሲቀየር ሦስት ሳምንት ያህል ሳይጠብቁ የሚሰበሰብ እንቁላል የቀድሞው አውራ ልጅ ሊሆን ይችላል።

በበሽታ በኩል መረጣ ወሰን አለው። የሚያነክሰውን፣ የሚቀጭጨውን፣ ቅማልና ትል የሚበዛበትን እያስወጡ መሄድ በጊዜ ሂደት ለውጥ ያመጣል። በመድኃኒት ብቻ የቆመን ዶሮ ለዘር ማስቀረት ግን ድካሙን ለልጆቹ ማውረስ ነው። ፈንግል ሌላ ጉዳይ ነው። ኃይለኛው ዓይነት ከገባ ጠንካራና ደካማ ሳይለይ ያልተከተበን መንጋ በቀናት ውስጥ ሊጨርስ ይችላል፤ የዓመታት መረጣም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ለዘር የተለዩት አውራዎችና ቄቦች በቅድሚያ ይከተባሉ፤ ከተቻለም ከእያንዳንዱ ጎሳ ጥቂቱ ሌላ ቦታ ይቀመጣል።