ካሜዶሪያ፦ ጥላ የለመደው ትንሹ ዘንባባ

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ካሉት ፎቆች ወደ አንዱ ጎራ ብትሉ፣ ከጥበቃው ጠረጴዛ አጠገብ ወይም ከሊፍቱ ጎን ቀጭን ግንድና ላባ የመሰለ ቅጠል ያለው ተክል ቆሞ ልታገኙ ትችላላችሁ። ሰው ሁሉ «ዘንባባ» ይለዋል። አልተሳሳተም፣ ቤተሰቡ ያው የዘንባባ ነው። ግን ለሆሳዕና ቀለበት ሠርተን ጣታችን ላይ ከምናጠልቀው ዘንባባ ጋር ጸባያቸው ለየቅል ነው። ይሄኛው ካሜዶሪያ ይባላል። በየቢሮውና በየሳሎኑ በብዛት የሚቀመጠው ዝርያ ኤሌጋንስ ሲሆን፣ የትውልድ ቦታው የሜክሲኮና የጓቲማላ ደን ነው።

አዎ፣ ሜክሲኮ። አደባባዩ ይህን ስም ያገኘው አገሪቱ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ብለው ከቆሙት ጥቂቶች አንዷ ስለነበረች ነው። እነሱም በዋና ከተማቸው «ኢትዮጵያ» የሚባል የባቡር ጣቢያ አላቸው፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ተክሉ እዚህ ሰፈር መገኘቱ መገጣጠም ብቻ ነው፣ ግን ደስ የሚል መገጣጠም።

ካሜዶሪያ የአንድ ተክል ሳይሆን የአንድ ወገን ስም ነው። በውስጡ ከ100 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ከሜክሲኮ ጀምረው በመካከለኛው አሜሪካ አልፈው እስከ ብራዚልና ቦሊቪያ ይዘልቃሉ። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1806 ያወጣለት ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ካርል ቪልደኖቭ ነው። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «የምድር ስጦታ» እንደማለት ነው። ፍሬውን ለመልቀም ዛፍ ላይ መውጣት አያስፈልግም፣ መሬት ላይ ቆሞ እጅ መዘርጋት ይበቃል።

የዚህን ተክል ነገር ለመረዳት ዘንባባን ረስቶ ቡናን ማሰብ ይሻላል። የከፋን ጫካ ቡና ያየ ሰው ይገባዋል። ከላይ ትልልቅ ዛፎች አሉ፣ ከሥራቸው በተጣራ ብርሃን የሚያድግ ቡና አለ። ካሜዶሪያም በአገሩ የሚኖረው እንደዚያ ነው። ቅጠሉ የለመደው ከላይ ተንጠባጥቦ የሚደርሰውን ብርሃን ነው። የእኛ አገር ዘንባባ ግን ፀሐይ ወዳድ ነው። እዚህ ላይ ነው የምንሳሳተው። «ዘንባባ አይደል፣ ፀሐይ ይምታው» ብለን በረንዳ ላይ እናወጣዋለን። በሳምንቱ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ከዚያ እንደተጠበሰ ወረቀት ይሆናል።

ከዝርያዎቹ ኤሌጋንስ ትንሽና ትዕግሥተኛ ነው። ቤት ውስጥ ሁለት ሜትር ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ሳይፍሪዚ የሚባለው ቀርከሃ የሚመስሉ ብዙ ግንዶችን ከሥሩ ያወጣል። ሜታሊካ ቅጠሉ ያልተሰነጣጠቀና እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ ነው። ቴፔሂሎቴ ደግሞ ይበላል። ጓቲማላና ኤል ሳልቫዶር ውስጥ ገና ያልፈካውን የወንዴ አበባ በእንቁላል ለውሰው ይጠብሱታል፤ መረር ይላል ይባላል። ዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ የሚወጣ ዝርያም አለ።

ሌላም ጥቅም አለው። በጓቲማላው የፔተን ደን ሰዎች ቅጠሉን ለቅመው ይሸጣሉ። ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ስለማይጠወልግ ወደ አሜሪካና አውሮፓ ተልኮ የአበባ እቅፍ ማድመቂያ ይሆናል። የአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናትም ለሆሳዕና ይዘውት ይዞራሉ። እኛ በዘንባባ፣ እነሱ በካሜዶሪያ። ተክሉ ጥላ ስለሚፈልግ ለቅጠሉ ሲባል ደኑ መቆም አለበት፤ ይሄ መልካም ጎኑ ነው። ክፉ ጎኑ፣ ያለልክ ሲለቀም ከጫካ እየጠፉ ያሉ ዝርያዎች መኖራቸው ነው።

አየር ያጸዳል የሚባለውንም ላንሳ፣ ሻጮች ሁሌ ስለሚሉት። ወሬው መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1989 የናሳ ተመራማሪዎች ሳይፍሪዚን ጨምሮ የቤት ተክሎችን በታሸገ ሳጥን ውስጥ ፈትነው መርዛማ ጋዝ ሲቀንስ አይተዋል። ቢሮ ግን የታሸገ ሳጥን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ግምገማ፣ መስኮት ከመክፈት እኩል ለመሥራት በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ላይ ከ10 እስከ 1000 ተክል እንደሚያስፈልግ አስልቷል። መቀመጫም አይተርፈን። ለውበቱ እንግዛው።

የአዲስ አበባ አየር ይስማማዋል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል፤ ቀኑ አያቃጥልም። ኤሌጋንስ እስከ 10 ዲግሪ አካባቢ ቅዝቃዜ ይችላል። የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ከዚያ በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ በረንዳ ላይ ያለውን ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ያለ ሰው ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት ካለው ይበቃዋል።

የሚገድለው ውሃ ነው። እኛ ቢሮ የነበረው እንዲህ ነው የሞተው። ጠዋት ጽዳት ሠራተኛዋ ታጠጣዋለች፣ ከሰዓት አንዱ ባልደረባችን «ደርቋል» ብሎ የተረፈ የሃይላንድ ውሃውን ይደፋበታል፣ አሥር ሰዓት ላይ የቡና አተላ ይጨመርበታል። አፈሩ ላይ የተሰካው ስቴኪኒ አይቆጠርም። በመጨረሻ ስናወጣው ሥሩ ጥቁርና ልቁጥ ብሎ ይሸት ነበር። መያዣውም የቀለም ባልዲ ነበር፣ ታቹ ያልተበሳ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሁለት ቀን አጠጥቼዋለሁ።

ጣትን አፈሩ ውስጥ አስገብቶ ላዩ ሲደርቅ ብቻ ማጠጣት ነው ደንቡ። የከተማችን ጥቁር መረሬ ለብቻው አይሆንም፣ ውሃ ይይዛል። የጫካ አፈር፣ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ ተቀላቅሎ ይሠራለታል። ባልዲም ይሁን የተቆረጠ ጀሪካን፣ ታቹ ይበሳ። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ከቅጠሉ ሥር ደቃቅ ሸረሪት መሰል ተባይ ይራባና ቅጠሉን በነጠብጣብ ያገረጣዋል። በእርጥብ ጨርቅ ከታች በኩል መጥረግ ያሸሻታል። የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ከሆነ ደግሞ ውሃው ሊሆን ይችላል። ካሜዶሪያ ፍሎራይድ አይወድም። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ብዙ ነው፤ ወደዚያ የወሰደው ሰው የዝናብ ውሃ ቢያጠራቅምለት ይሻላል።

ለማባዛት እንደ ጽጌረዳ ቆርጦ መትከል አይቻልም። ኤሌጋንስ አንድ ግንድ ብቻ ስላለው አናቱ ከተቆረጠ አለቀ። ያለው መንገድ ዘር ነው፣ ለዘር ደግሞ ወንዴና ሴቴ ተክል ለየብቻ ያስፈልጋል። ገና ክንድ ሳይሞላ ጥቃቅን ቢጫ አበባ ያወጣል፤ ነፍሳት በሌሉበት ቤት ዱቄቱን በቀለም ብሩሽ ከወንዴው ወደ ሴቴው ማሸጋገር ይቻላል። ሲሳካ በብርቱካናማ ዘንግ ላይ ጥቁር ፍሬ ይንጠለጠላል። ፍሬው ቆዳ ያሳክካል፣ ሥጋውን ሲያጥቡ ጓንት ማድረግ ነው። ዘሩ ለመብቀል ወራት ይወስዳል።

ስለዚህ ብዙ ሰው መንገድ ዳር ካሉት ችግኝ ሻጮች ይገዛል። አንድ ጥቅጥቅ ያለ ተክል የሚመስለው ግን አብዛኛውን ጊዜ አብረው የተተከሉ ብዙ ችግኞች ነው። እንደ ጸጉር የቀጠኑት ቦታ ሲጠባቸው ይሞታሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ቅጠሉን ገለጥ አድርጋችሁ ከአፈሩ ስንት ግንድ እንደወጣ ቁጠሩ።