አፈር ማጠብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የተበከለ አፈር ታጠበ» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የልብስ እጥበት ነው፤ ውሃ፣ ሳሙና፣ ፍትጊያ፣ ከዚያ እድፉ በውሃው ይሄዳል። በዚህ ሙያ ግን ቃሉ የሚናገረው ስለ ሌላ ሥራ ነው። አፈሩ ተቆፍሮ ይወጣል፣ ከውሃ ጋር ይበጠበጣል፣ ከዚያ በማሽን መስመር ውስጥ እንደ ቅንጣቱ መጠንና ክብደት ይለያያል። ንጹሑ ወደ አንድ በኩል፣ የተበከለው ወደ ሌላ በኩል ይወጣል። ጤፍ ከማበጠር፣ ከማንገዋለልና በወንፊት ከመንፋት ጋር የሚቀራረብ ሥራ ነው። ስለዚህ አሠራር የሚነገሩት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ካለማወቅ ነው።

«ሲታጠብ መርዙ ይሟሟና ይጠፋል»

አይጠፋም፤ ቦታ ይቀይራል እንጂ። እርሳስ (ሊድ)፣ ክሮምየም፣ ካድሚየም፣ ዲዲቲና የመሳሰሉት በአፈር ውስጥ እኩል ተበትነው አይቀመጡም። የሚጣበቁት በቅንጣቱ ገጽ ላይ ስለሆነ ብዙ ገጽ ያለው ቅንጣት ብዙ መርዝ ይይዛል። ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር የሆነ አሸዋ፣ አንድ ግራሙ ያለው ገጽ 23 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ የመዳፍን ያህል እንኳ አይሞላም። ውሃ ሲያገኝ የሚያብጠው የሸክላ ዓይነት ግን፣ በንብርብሮቹ መካከል ያለው ገጽ ሲቆጠር፣ አንድ ግራሙ 700 ካሬ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ከቅርጫት ኳስ ሜዳ ይሰፋል። ስለዚህ ሸክላውንና ደለሉን ከአሸዋው የለየ ሰው ብዙውን ጊዜ አብዛኛውን መርዝ ለይቷል። የተለመደው መቁረጫ 0.063 ሚሊሜትር ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ልም፣ ከዚያ በላይ ያለው አሸዋና ጠጠር ይባላል።

በቁጥር እንየው። 1,000 ቶን ደረቅ አፈር አለ፤ በኪሎግራም 1,200 ሚሊግራም እርሳስ አለበት፤ 20 በመቶው ልም ነው። በጠቅላላው 1,200 ኪሎግራም እርሳስ አለ ማለት ነው። ሥራው በደንብ ሄዶ 800 ቶን አሸዋ በ150 ሚሊግራም ቢወጣ፣ አሸዋው ይዞት የቀረው 120 ኪሎግራም ብቻ ነው። የቀረው 1,080 ኪሎግራም በ200 ቶን ልም ውስጥ ተጠራቅሟል፤ በኪሎግራም 5,400 ሚሊግራም። የልሙ ጭቃ ከመጀመሪያው አፈር ከአራት እጥፍ በላይ አደገኛ ሆኗል። ለዚህ ጭቃ አስቀድሞ ቦታ ያላዘጋጀ ፕሮጀክት መጀመር የለበትም፤ ወይ ደኅንነቱ ወደተጠበቀ የአደገኛ ቆሻሻ ማስቀመጫ ይሄዳል፣ ወይ በሲሚንቶ ይታሰራል፣ ብክለቱ ኦርጋኒክ ከሆነ ደግሞ ይቃጠላል።

በአሜሪካ፣ የተበከሉ ቦታዎችን በሚያጸዳው የፌዴራል መንግሥቱ የሱፐርፈንድ ፕሮግራም ሙሉ መጠን ያለው የአፈር እጥበት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1993 በኒው ጀርሲ፣ ዊንስሎው ውስጥ ነበር። በሰዓት 25 ቶን የሚያስተናግድ መስመር በጥቂት ወራት 19,200 ቶን ያህል አፈርና ጭቃ አጠበ። ግቡ ክሮምየም ከ483፣ መዳብ ከ3,571፣ ኒኬል ከ1,935 ሚሊግራም በኪሎግራም እንዳይበልጥ ነበር። ግቡ ተሳክቶ የጸዳው አሸዋ እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ ተሞላ፤ የልሙ ጭቃ ግን ተጨምቆ ከቦታው ወጣ። መሣሪያዎቹ ወንፊት፣ ሃይድሮሳይክሎን (ድፍርሱን አሽከርክሮ ከባዱን ከቀላሉ የሚለይ)፣ የአረፋ ማንሳፈፊያና መጭመቂያ ፕሬስ ሲሆኑ ሁሉም ከማዕድን ማውጫ የመጡ ናቸው። በገበቴ ወርቅ የሚያጥብ ሰው አሠራሩን ለመረዳት አይቸገርም።

«ማንኛውም አፈር ይታጠባል»

እንደየአገሩ ዋልካ፣ መረሬ ወይም ኮትቻ የምንለውን፣ በበጋ የሚሰነጣጠቀውንና በክረምት እግር የሚይዘውን ጥቁር አፈር እንውሰድ። ይህ የአፈር ክፍል በትርጓሜው ቢያንስ 30 በመቶ ሸክላ ሊኖረው ይገባል፤ ብዙ ቦታ ላይ ከግማሹ በላይ ሸክላ ነው። አጥበን ግማሹ «የተበከለ ጭቃ» ሆኖ ከወጣ፣ ያውም ውሃ ጠጥቶና ከብዶ፣ ምን አተረፍን? ልሙ ከ25 እስከ 30 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን እጥበት ያዋጣል፤ ከ40 በመቶ ካለፈ በአብዛኛው ሌላ መንገድ መፈለግ ይሻላል። ለዚህ ነው የተበከለ የወንዝ ዳር አሸዋማ መሬት የጸዳበትን ዘዴ ለዋልካ መሬት እንዳለ መገልበጥ የማይቻለው።

ይህን ለማወቅ ውድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ። 100 ግራም ደረቅ አፈር ከትንሽ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ጋር በውሃ ዘፍዝፈው ደህና አድርገው ይበጥብጡ። ውሃው 10 ሴንቲሜትር ጥልቀት እንዲኖረው ሞልተው 30 ሰከንድ ይጠብቁ፤ አሸዋው በዚያ ጊዜ ይሰፍራል፣ ልሙ ግን ተንሳፎ ይቀራል (ሸክላው ያንኑ 10 ሴንቲሜትር ለመውረድ ስምንት ሰዓት ያህል ይፈልጋል)። ድፍርሱን ወደ ሌላ ባልዲ ያንቆርቁሩ፣ እንደገና ውሃ ይሙሉ፣ ከ30 ሰከንድ በኋላ ውሃው ጥርት እስኪል ይደጋግሙ። የቀረውን አድርቀው ሲመዝኑ 55 ግራም ከሆነ ልሙ 45 በመቶ ነው፤ ስለ እጥበት የሚደረገው ውይይት እዚያ ላይ ያበቃል። ድፍርሱን ቱቦ ውስጥ አይድፉ፤ ብክለቱ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

«ልሙን ከለየን አሸዋው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው»

ይህ ከፊል እውቀት ያለው ሰው የሚሠራው ስህተት ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን እናየዋለን።

አንደኛ፣ ብክለቱ ራሱ አሸዋ የሚያህል ሊሆን ይችላል። የተኩስ መለማመጃ ሜዳ ላይ ያለው እርሳስ የጥይት ፍንጣሪ ነው። በመጠን ብቻ ቢለይ ፍንጣሪው ከጠጠሩና ከአሸዋው ጋር ተቀላቅሎ «ንጹሕ» ክምር ላይ ይወጣል። እዚህ የሚያድነን ክብደት ነው፤ የእርሳስ እፍጋት 11.3፣ የአሸዋ 2.65 ነው። ውሃን ወደ ላይና ወደ ታች እየገፋ ከባዱን የሚያሰፍር መሣሪያ (ጂግ)፣ ወይም ጠመዝማዛ መውረጃ፣ ልክ ወርቅ እንደሚለየው እርሳሱን ይለየዋል።

ሁለተኛ፣ ሃይድሮሳይክሎን ፍጹም አይደለም። ድፍርሱ በግፊት ገብቶ ይሽከረከራል፤ ከባዱ በታችኛው ጫፍ፣ ልሙ ከውሃው ጋር በላይ ይወጣል። ነገር ግን በታች የሚወጣው አሸዋም ውሃ ይዞ ነው የሚወጣው፣ ያ ውሃ ደግሞ ልም ይይዛል። ከገባው ውሃ 20 በመቶው በታች ከወጣ፣ ከልሙም 20 በመቶ ያህሉ አብሮት ይወጣል። ስለዚህ አንድ ዙር አይበቃም፤ አሸዋው በንጹሕ ውሃ ተቀጥኖ ቢያንስ አንዴ እንደገና ማለፍ አለበት። ኦፕሬተሩ በዓይኑ የሚከታተለው ምልክት አለ፤ በታችኛው አፍ የሚወጣው አሸዋ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ሲረጭ ሥራው ደህና ነው። እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ቀጥ ብሎ ከወረደ አፉ ታፍኗል፣ አሸዋውም በላይ ከልሙ ጋር መውጣት ጀምሯል። አፉ ተበልቶ ከሰፋ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ብዙ ውሃና ልም ወደ አሸዋው ክምር ይገባል። አሸዋ ጎማና ብረት ይበላልና የዚህ አፍ መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ካልተገኘ የሚመረተው አሸዋ ጥራት ቀስ በቀስ እየወረደ ይሄዳል።

ሦስተኛ፣ በአሸዋው ላይ የተጋገረ ቅርፊት አለ። ይህን የሚያነሳው ቅንጣት ከቅንጣት ጋር የሚፋተግበት ማሽን ነው። ልብስ በልብስ ሲታሽ ነው የሚጸዳው፤ እዚህ ላይ ብቻ የእጥበቱ ምሳሌ ይሠራል። ድብልቁ ከክብደቱ ከ70 እስከ 75 በመቶ አፈር መሆን አለበት። ውሃ በዝቶበት ከቀጠነ ቅንጣቶቹ ሳይነካኩ ይተላለፋሉ፣ ሞተሩ መብራት ይበላል፣ የሚነሳ ነገር የለም።

«ኬሚካል በጨመርን ቁጥር የበለጠ ይጸዳል»

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። አሲድ ብረቶችን ያሟሟል፣ እውነት ነው፤ ግን መጀመሪያ የሚበላው አፈሩ ውስጥ ያለውን ኖራማ ድንጋይ ነው። አንድ በመቶ ካልሲየም ካርቦኔት (ይኸው ኖራማ ድንጋይ) ያለበት አንድ ቶን አፈር፣ አንዲት ግራም እርሳስ ሳይነካ፣ 20 ኪሎግራም ያህል 37 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጨርሳል። ከዚያ የከፋው ደግሞ አፈሩ ከብረት መለበጫ (ኤሌክትሮፕሌቲንግ) ቤት የመጣና ሳያናይድ ያለበት ከሆነ ነው፤ አሲድ ሲነካው የሚገድል ጋዝ ይወጣል። የአፈሩን ታሪክ ሳይጠይቁ አሲድ መክፈት በሰው ሕይወት መጫወት ነው።

ኢዲቲኤ የሚባለው ብረት ያዥ ኬሚካልም ከእርሳሱ ጋር ካልሲየምና ብረት (አይረን) ይሻማበታል። የያዘውን እርሳስ ደግሞ አጥብቆ ስለሚይዝ፣ የእጥበቱን ውሃ በኖራ ለማጣራት ሲሞከር እርሳሱ አይዘቅጥም። ሳሙና ሲበዛ ዘይቱ ከውሃው ጋር ይዋሃዳል፣ ልሙም ተንሳፎ ይቀራል፣ ማዝቀጫ ገንዳው ቀኑን ሙሉ ቢቆም አይጠራም።

በቆዳ ፋብሪካ ዙሪያ ላለ አፈር አንድ ማስጠንቀቂያ ለብቻው መነገር አለበት። ቆዳ የሚለፋበት ክሮምየም ሦስት ይባላል፤ በቀላሉ አይንቀሳቀስም። በረኪና ሲጨመርበት ካንሰር ወደሚያመጣውና በውሃ ወደሚሟሟው ክሮምየም ስድስት ሊለወጥ ይችላል። «ለማጽዳት» ተብሎ በረኪና መርጨት የተኛውን ማስነሳት ነው።

ኬሚካል የማይረዳበት ሌላው ምሳሌ የጃፓኗ ፉኩሺማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 የኑክሌር ጣቢያ አደጋ በኋላ በአፈሩ ላይ የቀረው ጨረር አመንጪ ሲዚየም በሸክላው ንብርብር ጠርዝ ውስጥ ተቆልፎ ገባ፤ በቀላሉ አይሟሟም። እዚያ የተሞከረው እጥበት ሲዚየሙን ለማሟሟት ሳይሆን ሸክላውን ለይቶ የሚቀመጠውን መጠን ለመቀነስ ነው።

«እጥበት ውሃ ይጨርሳል፣ ወንዝም ይበክላል»

ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ በትክክል የተሠራ መስመር ግን ውሃውን መልሶ ይጠቀማል። ድፍርሱ አምስተኛ እጁ አፈር ሆኖ ከሄደ፣ ከላይ ላለው 1,000 ቶን 4,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይዘዋወራል። ከመስመሩ የሚወጣው ግን አሸዋውና የተጨመቀው ጭቃ የያዙት ብቻ ነው። አሸዋው 12 በመቶ፣ ጭቃው 40 በመቶ ውሃ ቢይዝ 240 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል፤ አፈሩ ሲገባ 10 በመቶ እርጥብ ከነበረ 110ው አብሮት የመጣ ነው። አዲስ የሚጨመረው 130 ገደማ ይሆናል።

አደጋው ውሃው ሲደጋገም የሚከማቸው ጨውና የሟሟ ብረት ነው። ከዙሩ ጥቂቱ ያለማቋረጥ ተቀንሶ በኖራ መጣራት አለበት፤ ክሮምየም ስድስት ካለ መጀመሪያ ወደ ሦስት መመለስ፣ አርሴኒክ ካለ የብረት (አይረን) ጨው መጨመር ያስፈልጋል። የማጣሪያ ክፍል የሌለው «የአፈር እጥበት» የሚያቀርብ ተቋራጭ ካለ መፈረም አይገባም።

«አንድ ናሙና ንጹሕ ከሆነ ሁሉም ንጹሕ ነው»

ውፍረቷ 3 ሚሊሜትር የሆነች አንዲት የእርሳስ ድብልብል 160 ሚሊግራም ትመዝናለች። በአንድ ኪሎ ናሙና ውስጥ ሁለት ከገቡ 320 ሚሊግራም በኪሎግራም ይሆናል፤ ካልገቡ ዜሮ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2024 ለመኖሪያ ግቢ የሚጠቀምበትን መለኪያ ከ400 ወደ 200 አውርዷል። ያንኑ ክምር አንዱ «አልፏል»፣ ሌላው «ወድቋል» ሊል የሚችለው ስለዚህ ነው። ከክምሩ ከብዙ ቦታ፣ ከላይም ከውስጥም፣ ከ30 የማያንስ ጭልፋ ተወስዶ ተቀላቅሎ መመርመር አለበት። ጠቅላላ መጠኑ ብቻም አይበቃም፤ ምን ያህሉ ወደ ውሃ እንደሚወጣ መለካት አለበት። የአሜሪካው የማስለቀቂያ ምርመራ አፈሩን ከ20 እጥፍ አሲዳማ ፈሳሽ ጋር 18 ሰዓት ያገላብጠዋል፤ እርሳስ በሊትር 5 ሚሊግራም ከደረሰ ክምሩ አደገኛ ቆሻሻ ነው።

ንጹሕ አፈር ደባልቆ ቁጥሩን ማውረድ ማጽዳት አይደለም፤ መደበቅ ነው።

«የታጠበው አፈር ተመልሶ እርሻ ይሆናል»

የሚመለሰው አሸዋ ነው። እርጥበትና ማዳበሪያ የሚይዙት ሸክላውና የበሰበሰው ነገር ከብክለቱ ጋር ሄደዋል። ለመሠረት ሙሌትና ለመንገድ ጥሩ ነው፤ እህል ለማብቀል ኮምፖስትና ንጹሕ የላይ አፈር ይፈልጋል።

«ማሳዬን በውሃ ደጋግሜ ባጠጣው መርዙ ታጥቦ ይወርዳል»

በአቃቂ ወንዝ ውሃ አትክልት በሚለማባቸው ማሳዎች ዓይነት ቦታ ይህ ሐሳብ ይነሳል። እርሳስ በላይኛው አፈር ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ዓመታት ቢጠጣም ብዙ አይወርድም። የሚወርደው እንደ ክሮምየም ስድስት በውሃ የሚሟሟው ነው፤ እሱ ደግሞ የሚደርሰው ጉድጓድ ውሃ ውስጥ ነው። አፈርን ሳይቆፍሩ ባለበት ማጠብ የሚባል ሙያዊ ዘዴ አለ፤ ነገር ግን የወረደውን ውሃ ከሥር ስቦ በሚያወጣ ጉድጓድና ፓምፕ ታጅቦ ነው።

ባለ ግቢው ዛሬ ማድረግ የሚችለው ሌላ ነው። ጎመንና ሰላጣ ከተጠረጠረው መሬት አንሥቶ ከታች በጨርቅ በተለየ፣ 30 ሴንቲሜትር ንጹሕ አፈር በተሞላ መደብ ላይ መትከል፤ ባዶውን መሬት በሣር ወይም በጠጠር ሸፍኖ አቧራውን ማስቆም፤ ጫማ ደጅ ማውለቅ፤ ሕፃናት ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ማስታጠብ።